ከሞርሳ እስከ ማኅተም፦ ወደ ምህንድስና የሚያስገቡ መንገዶች

የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ወለል ኮንክሪት በሚሞላበት ጠዋት ሳይቱ ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ባለሙያ ይገናኛል። ፎርማኑ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ የፌሮውን አስተሳሰር እየረገጠ ይፈትሻል። ሰርቬየሩ የወለሉን ከፍታ ዳግመኛ ይለካል። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የስላምፕ መለኪያ ሾጣጣና የኪዩብ ቅርጾቹን ያሰናዳል። ሳይት ኢንጂነሩ ደግሞ ድሮዊንጉን ይዞ የተቆጣጣሪውን ፊርማ ይጠብቃል። ሚክሰር መኪናው ደርሶ ድብልቁ ጠንከር ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ አካፋ የያዙት ሠራተኞች ውኃ ጣል እንዲደረግበት ይጠይቃሉ፤ ለማሰራጨት ይቀላቸዋልና።

ውኃ የበዛበት ኮንክሪት እንደሚደክም ፎርማኑ በዕድሜው ካሞላቸው ወለሎች ያውቃል። ለምን እንደሚደክም ደግሞ ኢንጂነሩ ያውቃል፦ ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የገባው ውኃ በኋላ ሲደርቅ በውስጡ ጥቃቅን ክፍተት ትቶ ይሄዳል። ቴክኒሺያኑ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ኪዩቡን ጨፍልቆ የድክመቱን ልክ በቁጥር ያወጣዋል። ውኃው መጨመር እንደሌለበት ሦስቱም ይስማማሉ። ለውሳኔው በሕግ የሚጠየቀው ግን ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው፤ ደመወዙም፣ ከስሙ በፊት የሚጠራው ማዕረግም የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

እነዚህ ሰዎች ወደዚያ ወለል የወጡት በአንድ መንገድ አይደለም። አንዱ በ12ኛ ክፍል ፈተና በኩል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ሌላው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ሌላው ከቀን ሠራተኝነት ተነሥቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ምህንድስና የሚወስዱት መንገዶች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ያለው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሻግሩት ድልድዮች ላይ ነው።

መሐንዲስ የሚወጣው ከየት ነው ለሚለው ጥያቄ አውሮፓም በአንድ ድምፅ አልመለሰችም። ፈረንሳይ ከትምህርት ቤት ነው ብላ የመንገድና የድልድይ ትምህርት ቤቷን እ.ኤ.አ. በ1747፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክን በ1794 ከፈተች፤ ሒሳብ የመግቢያው ቁልፍ ሆነ። እንግሊዝ ግን ለረጅም ጊዜ መሐንዲሶቿን ያገኘችው ከወርክሾፕና ከማዕድን ጉድጓድ ነበር። ቶማስ ቴልፎርድ የእረኛ ልጅ ሲሆን ሙያውን የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ተለማምዶ ነው፤ በኋላ የብሪታንያ የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ጆርጅ ስቲቨንሰን እስከ 18 ዓመቱ ማንበብ አይችልም ነበር። በከሰል ማዕድን የእንፋሎት ሞተር እየጠበቀ፣ ከደመወዙ እየከፈለ በማታ ትምህርት ፊደል ለየ፤ እ.ኤ.አ. በ1830 የተከፈተውን የሊቨርፑልና የማንችስተር የባቡር መስመር የሠራው እርሱ ነው። ይህ ሰው ልጁን ሮበርትን ያሳደገበት መንገድ ከራሱ ታሪክ ይልቅ ያስተምራል። ልጁን መጀመሪያ ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባው፣ ቀጥሎ በማዕድን ማውጫ ለልምምድ አሰማራው፣ ከዚያ ለጥቂት ወራት ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ላከው። የወርክሾፑን ጥቅም ከማንም በላይ የሚያውቀው አባት ወርክሾፕ ብቻውን እንደማይበቃ ፈርዶ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ወርክሾፑ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ቀድሟል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የእጅ ሙያ የነበራቸውን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ ሲያደርጉ፣ አገሬው ሥራውን የቀሰመው ከጎናቸው ቆሞ እያየና እያገዘ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ያን ክብደት በዚያ ተራራ ማውጣት ራሱ የምህንድስና ሥራ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ወርክሾፕ የባቡሩ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዪቱ በጥገናው ወርክሾፕ ዙሪያ አደገች፤ በርካታ ድሬዎች ቶርኖና ብየዳን፣ ፈረንሳይኛንም ጭምር፣ የተማሩት በዚያ ግቢ ነው። አባት ልጁን፣ ልጅም የራሱን ልጅ እያስገባ ሙያው በቤተሰብ ሲወርድ ቆየ።

ይሁን እንጂ ብረት የሚነካ እጅ በአገሩ ክብር አልነበረውም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሥራቸው ይሰደቡ፣ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ የሚሳደበውም እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ስድቡን በአደባባይ ቢያሳፍርም ንቀቱን ከሰው ቤት አላስወጣውም። ዛሬ ልጁ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሲገባ የሚደግስ ወላጅ፣ ያው ልጅ መካኒክ ልሁን ቢለው ፊቱ የሚጠቁርበት ምክንያት ከደመወዝ ብቻ የመጣ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ከጣሊያን ወረራ በኋላ መጣ። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተከፍቶ በብረታ ብረት፣ በእንጨት፣ በኤሌክትሪክና በአውቶ መካኒክ ማሠልጠን ጀመረ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952፣ በስዊድን ድጋፍ የቆመው የሕንፃ ኮሌጅ ደግሞ በ1954 ተመሠረቱ፤ ሁለቱም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገቡ። ዛሬ አምስት ኪሎ ያለው የቴክኖሎጂ ግቢና ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ የእነርሱ ወራሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ፖሊ ቴክኒኩ ከሁለቱ ዓይነቶች መካከል የቆመ ነበር፦ ተማሪው ሒሳብና ፊዚክስ ይማራል፣ ቱታ ለብሶም ማሽን ላይ ይውላል፤ ሲጨርስ የዲፕሎማ ቴክኒሺያን ይሆናል።

ከዚያ ፖሊ ቴክኒክ የወጣ አንድ ሰው መንገዱ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አሳይቷል። ቦንጋ የተወለደው ቅጣው እጅጉ ባሕር ዳር የእርሻ መሣሪያ ቴክኒክ ተምሮ ሠራተኛ ሆነ፤ በነፃ የትምህርት ዕድል ጃፓን ሄዶ ምህንድስና አጠና፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የጠፈር ምህንድስና ባለሙያ እስከ መሆን ደረሰ። ከትራክተር ወደ ሳተላይት የተሻገረው ግን አገር ውስጥ በተዘረጋ መሰላል አይደለም። ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ዲግሪ ለማደግ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከእርሱ በኋላም ብዙዎች በዚሁ መንገድ ወጥተዋል።

ዛሬ ወደ ሙያው የሚያስገባው ዋናው በር ያለ ጥርጥር ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ገና 11ኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስን ካልመረጠ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው፤ በ16 ወይም በ17 ዓመት የሚወሰን ውሳኔ ነው። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብዙ ተፈታኞች ብርድ ልብሳቸውንና ጥቂት ልብሳቸውን ቋጥረው በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተጓዙ ነው የሚፈተኑት። መንገድ ላይ ወላጅ ይመርቃል፤ በር ላይ ፈታሽ ስልክ ይለቅማል። በዚያ ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ከመቶው ያለፉት 3 ያህል ናቸው። ከግማሽ በታች ሆነው የተሻለ ውጤት የነበራቸው ሬሜዲያል በሚባለው ማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል አግኝተዋል። ስለዚህ ስለ ምህንድስና ሙያ ምርጫ ሲወራ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ዋናው በር ለአብዛኛው ወጣት ከመጀመሪያውም ክፍት አለመሆኑ ነው።

ያለፈው ተማሪ ፍሬሽማን ዓመቱን በጋራ ኮርሶች ያሳልፋል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ሳይቀር ይማራል። ከዚያ የትምህርት ክፍል ምርጫ ይመጣል፤ ምርጫ ይባል እንጂ ውጤቱ ከፍ ያለው ይመርጣል፣ ሌላው የተረፈውን ይወስዳል። ሶፍትዌር አልሞ ሲቪል የደረሰው፣ ኤሌክትሪካል ፈልጎ ኬሚካል የገባው በየግቢው ሞልቷል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና እያወጡ ተማሪ ይመለምላሉ። ሙሉው ጉዞ አምስት ዓመት ይፈጃል።

ይህ በር በአንድ ወቅት በሰፊው ተከፍቶ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት ከመቶው 70 ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወሰነ፤ ከጠቅላላው 40 በመቶ ለኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ተመደበ። በዚያው ዘመን በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ሥርዓተ ትምህርቱን ከለሰ፤ በየዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች ተቋቋሙ። ሐሳቡ ፋብሪካና ግንባታ በገፍ ይመጣል፣ መሐንዲስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው የሚል ነበር። ተማሪው በሰዓቱ መጣ። ላቦራቶሪው፣ መምህሩና ፋብሪካው ግን በዚያ ፍጥነት አልመጡም። ሕንፃ መገንባት ይቻላል፤ ሜካኒክስን ከልቡ የሚያውቅ መምህር በሁለትና በሦስት ዓመት አይደርስም። ቶርኖው ከሳጥኑ ሳይወጣ ቶርኖ ላይ የሚፈተን ተማሪ ምን እንደሚማር ለመገመት አይከብድም።

ከለውጦቹ ሁሉ በጎው ኢንተርንሺፕ ነው። ተማሪው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኩባንያ ውስጥ ይውላል፤ ሪፖርት ጽፎ ይገመገማል። የሚያተርፈው ግን በአብዛኛው በተመደበበት ሰው እጅ ነው። ሥራ የበዛበት ኃላፊ ከተገኘ ልጁ ፎቶ ኮፒ ሲያደርግ ይከርማል። አስተማሪ ልብ ያለው ሳይት ኢንጂነር ከገጠመው ደግሞ በአራት ወር የፌሮ ዝርዝር ማውጣት፣ የክፍያ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከተቋራጭ ጋር መከራከር ይለምዳል። በግቢው ውስጥ ጥሩ ውጤት የነበረው ልጅ አንድ ፎርማን ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚያየው ፊት፣ ከየትኛውም ክፍል የማይገኝ ትምህርት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ዲግሪውን አይዝም። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ቀጥሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ጋር ይጋፈጣል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ለአንድ ቦታ መቶዎች ይመዘገባሉ፤ የተቀሩት ማስታወቂያዎች ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት ልምድ ይላሉ። ስለዚህ ብዙ ጀማሪ መሐንዲስ የመጀመሪያ ልምዱን የሚያገኘው ከማዕረጉ ዝቅ ብሎ በኳንቲቲ ሰርቬየርነት፣ በስቶር ተቆጣጣሪነት፣ በሽያጭ ሠራተኝነት ገብቶ ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚያዩት አሉ። የመለዋወጫ ዕቃ የሸጠ ሜካኒካል ኢንጂነር ግን የትኛው ኩሽኔታ በስንት ጊዜ እንደሚበላ ከመጽሐፍ የማይገኝ መረጃ ይዞ ይወጣል።

ሁለተኛው በር ቴክኒክና ሙያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሩ 10ኛ ክፍል ላይ ነበር፤ የማትሪክ ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃው ወደ 10+1፣ 10+2 ወይም 10+3 ይሄድ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ በኋላ መግቢያው ወደ 12ኛ ክፍል ዞሯል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ከየደረጃው መጨረሻ በሰፊው ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና አለ። ምዘናው ከሌሎች ፈተናዎች የሚለይበት ነገር አለው። መዛኙ ከኢንዱስትሪ የሚመጣ ሰው ነው፤ ተመዛኙም ተናግሮ ብቻ አያልፍም፣ ሠርቶ ያሳያል፦ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ቱቦ ይበይዳል፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ይዘረጋል።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ምርጡ ሐሳብ የትብብር ሥልጠና የሚባለው ነው። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በድርጅት፣ ቀሪውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ታቅዷል፤ ምንጩ ጀርመን ነው። እዚያ ተለማማጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ድረስ ደመወዝ እየተቀበለ ይማራል፤ ድርጅቱም ነገ የራሱ ሠራተኛ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ለማስተማር አይሰስትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ስሙ መጣ፣ ውሉ ግን ላላ። አነስተኛ የብረታ ብረት ድርጅት ባለቤት ኤሌክትሮድ በሚወደድበት ጊዜ ለሠልጣኝ ልምምድ የሚቃጠል ብረትና ኤሌክትሮድ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየውም። ይህ ስስት ሳይሆን ስሌት ነው፤ ወጪውን የሚጋራው ሌላ አካል እስካልመጣ ድረስም አይቀየርም።

ደረጃ 4ን የጨረሰ ቴክኒሺያን ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ዲግሪ ልግባ ቢል ምን ይገጥመዋል? መንገዱ በመርሕ አለ። ሲኦሲ ያለፈና የሥራ ልምድ ያለው በማታ ወይም በግል ኮሌጅ ሊቀጥል የሚችልባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም የኮሌጅ አሠልጣኞችን እስከ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያስተምራል። ነገር ግን የቅበላ መስፈርቱ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ ዓመት ተቀባይ የነበረው ወረቀት በሚቀጥለው ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይጠየቅበታል። ጀርመኖቹ እንኳን የማይስተር ማዕረግ ያለው የእጅ ባለሙያ ያለ መሰናዶ ምስክር ወረቀት ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስለዚህ ጠባቡ ድልድይ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። ሥርዓቱን ኮርጆ ድልድዩን መተው ግን ምርጫ ነበር።

ይህን ድልድይ በራሱ ግቢ የሠራ ተቋም ቢፈለግ አየር መንገዱ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት አብራሪውም መካኒኩም የአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ሰው ነበር። ኢትዮጵያውያን ከአጠገባቸው ሆነው ተማሩ፤ ቀስ በቀስ የራሳቸውን ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ እርሱም ዛሬ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አመልካቹ በፈተናና በቃለ መጠይቅ ተመርጦ ይገባል፣ ክፍል ውስጥ ንድፈ ሐሳቡን ይማራል፣ ቀጥሎ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ የተፈታ ብሎን በሥራ ካርዱ ላይ በፈታው ሰው ስም ይፈረምበታል። አውሮፕላን ጠጋኝ እንደ ማኑዋሉ ብቻ ይሠራል፤ በራሱ ብልሃት ማሻሻል የተከለከለ ነው። ማኑዋሉ ያልተናገረው ስንጥቅ ሲገኝ ነገሩ ወደ ኢንጂነሪንግ ክፍል ይተላለፋል። እዚያ ያለው ሰው ጭነቱን አስልቶ፣ ከአምራቹ ጋር ተጻጽፎ፣ መብረር ይችላል ወይም አይችልም ይላል። በቴክኒሺያንና በመሐንዲስ መካከል ያለው መስመር ከዚህ የበለጠ ጠርቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው፦ ማኑዋሉ የሚያበቃበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው መንገድ መግቢያ ፈተና የለውም። አንድ ልጅ በዘመድ ወይም በጎረቤት በኩል ጋራዥ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 13 መፍቻ ሲባል ሳይሳሳት ያቀብላል። ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት የጋራዥ ቋንቋ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታው፣ አፉን ይፈታበታል። ደመወዙ ምሳና የትራንስፖርት ነው። ዓመት ሲያልፍ ጎማና ፍሬን ይፈቀድለታል፤ ሌላ ዓመት ሲያልፍ ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን እንዲያዳምጥ ይጠራል። ዋናው ሰውዬ የሚያስተምረው በማብራራት አይደለም። «ስማው» ብቻ ይለዋል። ልጁ የጠፋውን ሲሊንደር ከድምፁ የለየ ቀን ዕድገት አገኘ ማለት ነው።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ የዚህ ዓይነት እውቀት አደባባይ ነው። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከተጣለ ጎማ ገመድና ጫማ፣ ከተሰበረ ባሌስትራ መጥረቢያና ቢላዋ ይወጣል። ባሌስትራው የሚመረጠው እንዲሁ አይደለም። የመኪና ሱስት ብረት ካርቦኑ በዛ ያለ ስለሆነ ሲግልና በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ስለትም ይይዛል፤ የቤት ቆርቆሮ ግን እንዲህ አይሆንም። ቀጥቃጩ የካርቦን መጠን የሚል ነገር ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። የጋለውን ብረት ቀለም አይቶ ግን መቼ ውኃ ውስጥ መንከር እንዳለበት ያውቃል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህንኑ በሦስተኛ ዓመት የቁሳቁስ ሳይንስ ኮርስ በግራፍ ይማረዋል።

የዚህ መንገድ ወሰን የሚታወቀው ሥራው በዓይንና በጆሮ የማይታይ ነገር ሲነካ ነው። ተጨማሪ ጭነት እንዲይዝ ተብሎ የጭነት መኪና ሻንሲ ተቆርጦ ሲረዝም ብየዳው ለዓይን ያምራል፤ ሲሞከርም ይሸከማል። ነገር ግን ከብየዳው ጠርዝ ያለው ብረት በሙቀቱ ባሕርዩ ተለውጧል፣ ርዝመቱ በመጨመሩም በመካከሉ የሚያርፈው ጫና አድጓል። በየኮረኮንቹ ሺህ ጊዜ ሲታጠፍና ሲመለስ ጥቃቅን ስንጥቅ ይጀምራል፤ ከወራት በኋላ ቁልቁለት ላይ ይሰበራል። የበየደው ሰው ሰነፍ አልነበረም። ይህን አስቀድሞ የሚያሳየው ስሌት ብቻ ነው፤ ስሌቱን የሚያውቀው ወጣት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብየዳ ይዞ አያውቅም።

ለጋራዡ ልጅ ሕጋዊ መውጫ አለ። የሲኦሲ ምዘና ሙያውን የት እንደተማረ አይጠይቅም፤ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰውም ቀርቦ በችሎታው ተመዝኖ የደረጃ ምስክር ወረቀት ሊይዝ ይችላል። ለባለሙያው ትልቅ ነገር ነው፤ በጨረታ ለመወዳደር፣ በድርጅት ለመቀጠር ወረቀቱ ያስፈልጋል። የሚያስቸግረው የጽሑፍ ክፍሉ ነው። እጁ የተፈታ ሰው ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቃላት ሲሞላ ይሰናከላል።

ሶፍትዌር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ድልድይ የሚሠራ ሰው ችሎታውን ለማሳየት ድልድይ ሊሰጠው ይገባል፤ ማንም ደግሞ ለጀማሪ ድልድይ አይሰጥም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለው ሥራውን ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ቀጣሪውም ዲግሪውን ሳያይ ኮዱን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ትምህርት የመጡ፣ ዩኒቨርሲቲ ያቋረጡ፣ በዩቲዩብ የተማሩ ሰዎች እዚህ ቦታ ያገኛሉ። ያም ሆኖ ለዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የሚደረገው ፉክክር በአልጎሪዝም ፈተና ስለሚጀምር ሒሳቡን የዘለለ ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። በአምስት ኪሎ የተጀመረው ኤ ቱ ኤስ ቪ የተባለው ፕሮግራም ተማሪዎችን ለወራት የሚያሠለጥነው ለእንዲህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ ነው። መብራትና ኔትዎርክ በጠፋ ቁጥር የሚቋረጠውን ልምምድ እዚህ ላይ መቁጠር ደግሞ የግድ ነው።

ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ በየዘመኑ አቅጣጫውን ቀይሯል። በንጉሡ ዘመን አሜሪካና ምዕራብ አውሮፓ፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ኩባ፣ ዛሬ ደግሞ ቻይናና ሕንድ ጭምር ናቸው። ሩሲያ ወይም ኩባ የተማረ መሐንዲስ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ድርሻ ትልቅ ነው፤ ድሮዊንጉን በራሱ እጅ ይስል የነበረውም ያ ትውልድ ነው።

አሜሪካ የሄደ ቤተሰብ ልጅ ሌላ መንገድ አለው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አበሾች በደንብ የሚያውቁት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኖቫ፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶች በአነስተኛ ክፍያ፣ ቀን ወይም ማታ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ባላቸው ስምምነት መሠረት ተማሪው ወደ ሦስተኛ ዓመት ይዛወራል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የ18 ዓመቱን ልጅ ዕድሜ ልክ አያስረውም። በፓርኪንግ ወይም በሆቴል እየሠራ በ30 ዓመቱ ካልኩለስ የጀመረ ሰው በዚህ በኩል ኤሌክትሪካል ኢንጂነር ሊሆን ይችላል፤ የሆኑም አሉ።

ዲግሪውን ከአገር ቤት ይዞ የሄደው ግን ፈቃድ ላይ ይደናቀፋል። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብን ደኅንነት በሚነካ ንድፍ ላይ ማኅተም ለማሳረፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን በሕግ የደነገገው የመጀመሪያው ክፍለ ግዛት ዋዮሚንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1907። ፈቃዱ የሚገኘው በሁለት ፈተናዎችና በተለምዶ አራት ዓመት በሆነ የሥራ ልምድ ነው። የትምህርት ማስረጃን በጋራ የሚያስተዋውቀው የዋሽንግተን ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ቢኖርም ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ መካከል የለችም። ስለዚህ የአምስት ኪሎ ወይም የባሕር ዳር ዲግሪ ኮርስ በኮርስ ይገመገማል፤ ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል፣ የጎደለ ኮርስ ካለ እንዲሟላ ይደረጋል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ዲግሪ ለሌለውም ሰው በረዥም የሥራ ልምድ በኩል መንገድ ትተዋል፤ የስቲቨንሰን ዘመን ርዝራዥ እዚያ አለ። በፋብሪካና በቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚሠሩት አብዛኞቹ መሐንዲሶች ግን ይህ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ፈቃዱ ግድ የሚሆነው ሕንፃ፣ መንገድ፣ ውኃና የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሄዱት ሲቪል መሐንዲሶች ችግሩን አብዝተው የሚያዩትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ትራንስክሪፕቱ እስኪደርስ ድረስ ጥናቱን ከእርሱ መጀመር ይቻላል።